የሀሚዱ ቃል ከነተራፊው

«አያሌው እዚሁ ይቀመጥ» እላለሁ፣ ዓይኔን ከኮምፒውተሩ ሳልነቅል። «የሱም ቃል እዚህ ውስጥ አለ።»

አያሌው የአስጋሪዎች ማኅበራችን ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው። ካቻምና የማኅበሩ ትልቁ መረብ ሲጠፋ አባቴን ሌባ ያሰኘው እሱ ነው። አባቴ ሀሚዱ አርባ ዓመት ከሠራበት ውሃ ተባረረ፤ ከዚያ ወዲህ ሐይቁን ከመንገድ ላይ ሆኖ ያየዋል እንጂ አይጠጋውም። እኔም ይህን ሰውዬ የማዋርድበትን ቀን እየቆጠርኩ ኖሬያለሁ። ጸሐፊውን ለምኖ የአባቴን ቃል ግማሹን አስፍቆታል እያልኩ ሁለት ዓመት ጥርሴን ነክሻለሁ።

«እኔ ምን ቃል አለኝ? ማንም አልጠየቀኝም» ይላል አያሌው ወንበር እየሳበ።

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።»

ሊቀመንበሯ እትዬ እናትነሽ ያስጠሩኝ ለሌላ ጉዳይ ነበር። የአባላትን ቃል የሚመዘግበው ፕሮግራም ጽሑፍ ይቆርጣል፣ አበጂው አሉኝ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔው ሙጂባ ነኝ፤ ተማሪ ሳለሁ ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ሠርቼ ለማኅበሩ አበረከትኩ። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው በገዛ እጄ የጻፍኩት ቁጥር አፈጠጠብኝ። ስድስት መቶ። አንድ ሰው ለሚናገረው ሁሉ የመደብኩለት ቦታ ያ ነው። የፈረንጅ ፊደል አንድ ቦታ ሲይዝ የእኛ አንዱ ፊደል ሦስት ይይዛልና፣ ሁለት መቶ ፊደል ገደማ ሲደርስ ጢም ይላል። ያኔ ይህን አላሰብኩትም።

«ተራ ቁጥር ሰባት፣ ሀሚዱ» ብዬ፣ መረቡ ሲጠፋ አባላቱ አንድ በአንድ ገብተው ለጸሐፊው ከሰጡት ቃል ጮክ አድርጌ አነባለሁ። «ቢስሚላህ። አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። ዝናቡን የራህመት፣ ውሃውን የበረካ ያድርግልን። ለማኅበራችን ሰው ሁሉ፣ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የሞቱትን ይማርልን፣ የታመሙትን ያሽርልን። ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን። ወደ ነገሬ ልግባና፣ መረቡን ከግምጃ ቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ያልቃል። እኛ አገር ሰው ሳይመርቅ ነገር አይጀምርም፤ ምርቃቱ ቦታውን በላው።

«ይኸው፣ በገዛ አፉ» ይላል አያሌው።

«ተራ ቁጥር ስምንት፣ አያሌው» እላለሁ፣ ቀና ብዬ እያየሁት። «ተቀዶ ነበርና ቤቴ ወስጄ ሰፋሁት። በነጋታው ጠዋት ለራሱ ለአያሌው አስረከብኩ። ቆጥሮ ተቀብሎኛል።»

የአያሌው እግር መወዛወዙን ያቆማል።

«ይኸ የማን ቃል ነው?» ይላሉ እትዬ እናትነሽ።

«የአባቴ። ቦታው ሲሞላ ፕሮግራሙ ተራፊውን አልጣለውም። አቆየውና ቀጣዩ ሰው ሲጠራ የዚያ ሰው ቃል አድርጎ አስገባው። ስምንት ቁጥር በራሱ ተሞልቶ ሲያልፍ ጸሐፊው አያሌው ቃሉን የሰጠ መሰለውና ዘጠነኛውን ጠራ። አያሌው ሳይጠየቅ ቀረ፤ ለምን ቀረሁ ብሎም አልጠየቀ።»

«ማሽኑ ያንቺ አይደል?» ይላል አያሌው። «ዛሬ የጻፍሽው እንደሆነስ ማን ያውቃል?»

እትዬ እናትነሽ ተነስተው ቁም ሳጥኑን ይከፍታሉ፤ የካቻምናውን ህትመት ከነማኅተሙ ያወጣሉ። ሰባተኛውን ሰው ካነበቡ በኋላ ያን ወረቀት ማንም አልገለጠውም ነበር። አሁን ይገልጡታል። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ስምንተኛውን ያነባሉ።

«የቆረጠው የኔ ፕሮግራም ነው፣ ጥፋቱም የኔ» እለዋለሁ አያሌውን። «እኔ የኔን አመንኩ። ያንተስ?»

«አያሌው፣ መረቡን የት አደረስከው?» ይላሉ እሳቸው። አያሌው ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ እጃቸውን ይዘረጋሉ። «በል ቁልፉን ወዲህ በል።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል፤ አልዋሽም። ሊወጣ ሲነሳ «ቁጭ በል» እለዋለሁ። «አባቴ ሲናገር ትሰማለህ።»

አባቴን ከበር ላይ አስገባዋለሁ። በግድ ነው ያመጣሁት፤ ጥምጣሙን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ሀሚዱ ወንድሜ፣ ቃልህን እንደገና ስጠን» ይሉታል እትዬ እናትነሽ። «በሽማግሌ ወግ ነው፤ በቃኝ እስክትል ማንም አያቋርጥህም።»

ፕሮግራሙን ጠዋት አስተካክዬዋለሁ። አሁን በትንሽ ቦታ ይጀምራል፤ ሲሞላ እጥፉን ይጠይቅና የያዘውን ወደዚያ ይገለብጣል፣ ቁናው ሲሞላ እህሉን ወደ ጆንያ እንደመገልበጥ። ማብቂያውን ቁልፍ፣ ኢንተርን፣ እስክጫን ድረስ የመጣለትን ይቀበላል።

አባቴ በዱአ ይጀምራል። አንዱንም ሳልዘል እጽፋለሁ። መረቡን ያወጣበትን፣ የሰፋበትን፣ ያስረከበበትን ይናገራል። አያሌው መሬት መሬት ያያል። ጨረሰ ብዬ ጣቴን ወደ ኢንተር ስሰድ አባቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«አንድ ነገር ቀርታኛለች» ይላል። «ያን ለት ጸሐፊው ጽፎ ሲያበቃ ማሽኑ የመዘገበውን መልሶ አሳየ። ከኋላው ቆሜ ነበር። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል አይጠፋኝም፤ ቃሌ ተቆርጦ አየሁት።»

ጣቶቼ ይቆማሉ።

«ምነው ያኔ አልተናገርክ?» ይላሉ እትዬ እናትነሽ።

«ማሽኑ የልጄ ነው። ሰው ፊት የሠራችው የመጀመሪያዋ ነው። የሀሚዱ ልጅ የሠራችው አይረባም ቢሏት ገና ተማሪ ናት፣ ልቧ ይሰበራል አልኩ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ሌባ ቢሉኝ ስንት ዓመት ሊሉኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ኢንተርን ብጫነው ይህ አይገባም። እንዳስቀረሁት ማንም አያውቅብኝም።

«ጻፊ እንጂ» ይሉኛል እትዬ እናትነሽ።

ወደ አያሌው ማየት አልችልም። ፊደል በፊደል እጽፋለሁ። «ልጄ» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ይሳሳታል፤ አጠፋዋለሁ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ።