ቁርስ የሚበላው አንዳርጌ

ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን ለገላው ትቶ አእምሮውን ሌላ ሥራ ላይ ማሰማራት ከቻለበት ዘመን ወዲህ፣ በደሴ ከተማ እንደ አንዳርጌ የተጠቀመበት ደራሲ አልተገኘም። ገላው ይታጠባል፣ ይላጫል፣ ቁርስ ይበላል፣ ከሚስቱ ከውድነሽ ጋር ያወጋል። አእምሮው ግን ያን ጊዜ ሁሉ በሐሳብ ይጽፋል፤ የጻፈው ልቦለድ ብዛት ጦሳ ተራራን ያስንቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስለ ሁለታቸው ፍቅር የጻፈውን፣ ምድርን በእንባ ያጥለቀልቃል ያለውን ምዕራፍ ለውድነሽ ያነብላት ጀመር። ባል ሚስቱን ቃሪያ የበዛበት ፍርፍር የሚያጎርስበት ቦታ ላይ ሲደርስ አቋረጠችው።

«ኧረ አንዳርጌ! ጨጓራዬን ካመመኝ ወዲህ መች ቃሪያ እነካለሁ? እሱ እንኳ ከፍርፍሩ አንድ በአንድ ለቅሞ እያወጣ ነው የሚያጎርሰኝ።»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

«ቁርስ የሚበላው አንተ ነዋ!»

አንዳርጌ ክው አለ። መታመሟን እንኳ አልሰማም። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ በገዛ ገላው የቀና ባል ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

«በቃ! ከነገ ጀምሮ ቁርስ ላይ የምቀመጠው እኔው ራሴ ነኝ። ልቦለዱ ገደል ይግባ!»

ውድነሽ ፈገግ አለች፤ ቀጥሎ ግን ፊቷ ቅዝዝ አለ።

«ናልኝ፣ ደስ ይለኛል» አለችው እጁን ይዛ። «ግን ከነገ ወዲያ ይሁን፤ ነገ ልሰናበተው።»