አፍህን ዝጋና ቁጠር

የማደንዘዣ ሐኪሙ ያን ጠዋት ከሚስቱ ተጣልቶ ነው የመጣው። አዲሱ ማደንዘዣ የሚሞከርባቸው ሽማግሌ ሹፌር ደግሞ ጥያቄያቸው አላልቅ ብሎታል።

«መድኃኒቱ ገና ጥናት ላይ ነው አላችሁኝ። መሃል ላይ ብነቃስ፣ ልጄ?»

«አንተ ስትነዳ ተሳፋሪ መሪ ይነካብሃል? አፍህን ዝጋና ከአስር ወደ ታች ቁጠር።»

ነርሷ ቀና ብላ አየችው። «አባትህን የሚያክሉ ሰው እኮ ናቸው።»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

መድኃኒቱን በደም ሥራቸው ለቀቀው። ሽማግሌው እንደታዘዙት ከንፈራቸውን ገጠሙ፤ ዓይናቸውም ተከደነ።

«ተገላገልን» አለና መንጋጋቸውን ከፍቶ ቱቦውን በጉሮሯቸው አሳልፎ አየር ቧንቧቸው ውስጥ አስገባው፤ በፕላስተርም አሰረው። ያ ቱቦ የገባበት ሰው ድምፅ ማውጣት አይችልም።

አየሩ በትክክል መግባቱን ለማረጋገጥ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አኖረ። በቀኝ በኩል ትንፋሽ ሰማ። በግራም ትንፋሽ ሰማ፤ ከትንፋሹ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር።

«አምስት።»

ማዳመጫውን ከጆሮው መንጭቆ ነርሷ ላይ አፈጠጠ። «ማን ነው የሚያላግጠው?»

«ማንም አልተናገረም።»

«ልጀምር?» አለ ቀዶ ሐኪሙ፣ ምላጩን እንደያዘ።

ነርሷ እያየችው ነው። እሷ ፊት መሳቂያ ከሚሆን ሞቱን ይመርጣል። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፤ ምላጩም የሽማግሌውን ቆዳ ሰነጠቀ።

ማዳመጫውን ቀስ ብሎ መልሶ አኖረው።

«ሁለት... አንድ።»

ትንፋሹ አንዴ ገብቶ ወጣ።

«ጨረስኩ፣ ልጄ። አሁንስ አፌን ልክፈት?»