ከጠበሉ በላይ ያለው ጉድጓድ

በመንዝ፣ ከቀየት ወጣ ብላ ባለች መንደር አንድ ምንጭ አለ። ሰው ይጠጣዋል፣ በግ ይጠጣዋል፣ ኪዳነ ምሕረት በምትውልበት ቀን ደግሞ ይባረክና ጠበል ይሆናል። በ2001 ዓ.ም. መስከረም ላይ ያን ውኃ የጠጡ ልጆች ሆዳቸውን ይቆርጣቸው፣ ያስቀምጣቸው ጀመር። የይታየው ትንሿ ልጅ በቃሬዛ መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት ተወስዳ ለጥቂት ተረፈች።

የከርሰ ምድር ውኃ የምታጠና ባለሙያ ከደብረ ብርሃን ተላከች። ጽናት ትባላለች። ሥራዋን ትወዳለች፣ የመንዝን ብርድ ግን አልቻለችውም። የደረሰችው ገና በማለዳ ነው። ሰዉ ከምንጩ በላይ ካለው የአስታ ቁጥቋጦ አንድ በአንድ ይወርድ ነበር። የደብሩ አለቃ አባ ወልደ ጻድቅም ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ከዚያው ወርደው ተቀበሏት።

«እንኳን ደኅና መጣሽ ልጄ» አሉ። «በእመቤታችን ጠበል ላይ ተቀለደ። ማን እንደሆነ አውጪልን።»

ጽናት ውኃውን ቀድታ መረመረች። ውጤቱን ስትናገር እሷው አፈረች። ምንጩን የበከለው የሰው ዓይነ ምድር ነው።

«ኧረ በስመ አብ!» ብሎ ሰዉ አማተበ። ከዚያ ሁሉም ፊቱን ወደ ዳገቱ አዞረ። ከምንጩ በላይ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የጫኔ።

ጫኔን የማያውቅ የለም። ቀበሌው ሽንት ቤት ቆፍሩ እያለ በየቤቱ ሲዞር ቀድሞ የቆፈረ እሱ ነው። ሞዴል አባወራ ተብሎ ሬዲዮ ተሸልሟል። ከግሼ ድረስ ሰው እየመጣ ጎብኝቶለታል። ደግሞም የሚያስጎበኝ ነው! ክዳን አለው፣ በር ከነቁልፉ አለው፣ አመዱ በጣሳ ተሞልቷል፣ ሳሙናው ከነወረቀቱ ተቀምጧል፣ ዝንብ ዝር አይልበትም። የመንደሩ ሰው ሁሉ እሱን እያየ ነው የየራሱን የቆፈረው።

«እዚህ ያለው ዓለት የተሰነጣጠቀ ነው» አለች ጽናት። «ጉድጓዱ ውስጥ የገባ ነገር በስንጥቁ ሾልኮ ምንጩ ጋ ሊወጣ ይችላል። ቀለም ጨምረን እንየው። ይፈቅዳሉ፣ ጋሽ ጫኔ?»

ጫኔ ቁልፉን በኪሱ ውስጥ ጨበጥ አደረገ። «እሱን ማየት ምን ያደርጋል?» አለ።

«የሚደብቀው ባይኖር ምን አስፈራው?» አለ ይታየው። ልጁ ልትሞትበት የነበረ አባት ነውና ማንም ዝም በል አላለውም።

ጫኔ ቁልፉን ሰጠ። ጽናት አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና፣ ትንፋሿን ይዛ ገባች። አረንጓዴውን ቀለም በቀዳዳው ወደ ጨለማው ጨመረች፤ ውኃ አስከትላ ደፋችና ሮጣ ወጣች።

በማግስቱ ምንጩ አረንጓዴ ሆኖ ወረደ።

ጫኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው በአጠገቡ ሲያልፉ ሰላም እንኳ አላሉትም። ይታየው ምራቁን ጢቅ አደረገ። «ጫኔ፣ አንተ? አንተ በጠበሉ ላይ?» አሉት አባ ወልደ ጻድቅ። ጫኔ አቀርቅሮ ዳገቱን ወጣ።

የዚያን ወር የሥላሴ ጽዋ ተራው የእሱ ነበር። ገብሱ ተሰናድቶ ጠላው ተጠምቋል። ማኅበሩ መክሮ ጽዋውን ለሌላ ሰጠው። ጉድጓዱን እስኪደፍንና ቀኖናውን እስኪፈጽም ከማኅበር እንዳይደርስ ተባለ። አባቱም አያቱም በዚያ ማኅበር ኖረው ነው የሞቱት። በመንዝ ሰው ከማኅበሩ ተለየ ማለት በቁሙ ተቀበረ ማለት ነው።

ሚስቱ ጌታነሽ ጠጪ ያጣውን ጠላ እያየች አለቀሰች።

«ተናገር እንጂ አንተ ሰውዬ! አፍ የለህም?»

«በየት አፌ?»

«ከማኅበር ከምትወጣ ይሻላል እኮ!»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለሰው ሳስጎበኝ ኖሬ፣ አሁን ምን ብዬ ልናገር? በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

ሐፍረቱ የእሷም ነውና ጌታነሽ የጠላውን ጋን ከደነች።

ጽናትም ደስ አላላትም። ቀለሙ አልዋሸም፤ ግን የአንድ ሰው ስም በእሷ እጅ አደባባይ ላይ ተዋርዷል። ልትሰናበተው ስትመጣ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ጫኔ።»

«ምን በወጣሽ ልጄ። አንቺ ምን አጠፋሽ» አላት፤ እሱም ቀና አላለም።

ቅዳሜ ዕለት ጫኔ ሽንት ቤቱን አፈረሰ። ቆርቆሮውን አወረደ፣ ግድግዳውን ገፋ፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ የተረበረበውን ግንድ አንድ በአንድ አነሣ። መድፈኛ አፈሩን ከምሮ አባ ወልደ ጻድቅን ጠበቀ። ቦታውን ጸሎት ሊያደርሱበት፣ ጠበል ሊረጩበት ብቻቸውን መጡ። እንኳን ሊያግዘው ሊያየው የመጣ ጎረቤት አልነበረም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። አባ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አሉ። ጸሎቱን ጀመሩና አፋቸው ላይ ቀረ።

ከታች ያለው ንጹሕ አፈር ነው። የዶማው ምልክት እንኳ ከጎንና ጎኑ አልጠፋም። እዚህም እዚያም አረንጓዴ ቀለም ነክቶታል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

አባ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ጫኔ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «እዚህ ላይ ሰው ተቀምጦ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት የት ነበር የምትሄዱት?»

«እርስዎ በሚሄዱበት።»