ባለ ሉካንዳው ኩሽና ገቡ

«እናቴ ትሙት፣ ቅቤ የሚባል ነገር በዚህ በር ገብቶ አያውቅም!» አለ አስተናጋጁ፣ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ።

«እናትህን ተዋት እስቲ፣ ምን በደለችህ?» አሉ አባትዮው።

ልጅቱ ከምግብ ዝርዝሩ ቀና አላለችም። ይሄ ሦስተኛው ምግብ ቤት ነው። በመጀመሪያው «ንጹሕ የአትክልት» በተባለ ሾርባ ላይ ቅቤ ሲንሳፈፍ አገኘች፤ «ለሽታ ያህል ጠብ አድርገንበት ነው» አሏት። በሁለተኛው ባለቤቲቱ ራሷ ከጓዳ ወጥታ፣ «እንቁላል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥጋ የሆነው?» ብላ ሞገተቻት። ሁለቱም በራቸው ላይ «ቪጋን» የሚል፣ ቅጠል የተሣለበት ሰሌዳ ሰቅለዋል። አባቷ ከሁለቱም ቤት ኮታቸውን አንሥተው፣ ትንፍሽ ሳይሉ ተከትለዋት ወጡ። ያስፈራት ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሉካንዳ ቤት ሥጋ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው ከቢላቸው የሰላ ነው። ዝም ካሉ እየሞረዱት ነው ማለት ነው።

ከእንስሳ የመጣ ነገር አልበላም ካለች ስድስት ዓመት ሆናት። ያን ቀን አባቷ «በዚሁ ሥጋ ነው ፊደል የቆጠርሽው» ብለው ከገበታ ተነሡ። ከዚያ ወዲህ እሷ ቤት በሄደች ቁጥር፣ ልክ ምሳ ሲቀርብ ሱቅ የረሱት ነገር ትዝ ይላቸዋል። ዛሬ ለዓይን ምርመራ ወደ ከተማ መጥተዋል፤ አውቶቡሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል። የምትፈልገው አንድ ምሳ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ማንም ሳይነሣ።

«መክተፊያውስ ለብቻው ነው?» ስትል ጠየቀች። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለችና፣ ድምፅዋ ጠመኔውን ማን እንደበላው ስትጠይቅ የምታወጣው ድምፅ ነው።

«መክተፊያው…» አስተናጋጁ ጣሪያውን አየ። «እኔ እንኳ ከገባሁ ሳምንቴ ነው። ይታጠባል ግን።»

ዝርዝሩን ዘጋችው። አራተኛ ቤት ለመፈለግ ጊዜ የለም። አውቶቡስ ተራው ጋ ቆመው ሙዝ በዳቦ ሊበሉ ነው፤ እሱንም አባቷ ከተስማሙ። እጇን ወደ ቦርሳዋ ስትሰድ ወንበር ተንቋቋ።

«ኩሽናው በየት በኩል ነው?» አባቷ ቆመዋል።

«አባባ፣ እንግዳ መግባት አይፈቀድም…» አለ አስተናጋጁ።

«ላሸት ነው እንጂ ልገባ መች አልኩ?» አሉና ገቡ።

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። ከበሩ ወዲያ የሴት ድምፅ ተሰማ። «ኧረ ጋሼ! ምን ጠፋብዎት?»

«መክተፊያሽን እስቲ።»

«ለምን?»

«ሥጋ ቆራጭ ነኝ።»

አንድ ብረት ነገር ወለል ላይ ወደቀ። ልጅቱ ተነሥታ ሮጠች።

በበሩ ክፍተት ስታይ፣ አባቷ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን መክተፊያው ላይ ሊያስነኩ ደርሰዋል። ሐኪሙ የጨመረባቸው ጠብታ ገና ዓይናቸውን ያስለቅሳቸዋል። «ዓይኔን አትዪ፣ እሱ ሕመምተኛ ነው» አሏት ወጥቤቷን፤ «አፍንጫዬ ግን ደህና ነው። እንጨት አይረሳም። በፈላ ውኃ ብታጥቢው፣ በጨው ብትፈትጊው፣ ስብ ቢላው በቆረጠበት ገብቶ ይተኛል።» ጥፍራቸውን በአንዱ ጭረት ውስጥ አስኬዱና አሸተቱት። ገለበጡት። የቢላውን እጀታ፣ ብረቱ እንጨቱን የሚነክስበትን ቦታ አሸተቱ። ወጥቤቷ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች።

«ሽንኩርት። ካሮት። ነጭ ሽንኩርት፣ የዛሬ ጠዋት» አሉ። ከዚያ የመክተፊያው አንዱ ጥግ ላይ አፍንጫቸው ቆመ። ደግመው ሽታውን ሳቡት። «እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር አለ።»

ልጅቱ ሰዓቷን አየች። ይሄም ሊቀር ነው።

ወጥቤቷ አንድ ቅርጫት አንሥታ አፍንጫቸው ሥር ደቀነች። እንጉዳይ ነው። እሳቸው ቅርጫቱን አሸተቱ፣ ወደ ጥጉ ተመለሱ፣ እንደገና ቅርጫቱን።

«ወይ አታላይ!» አሉ በመጨረሻ። «ሥጋ ልምሰል ብሎ ምን አስጨነቀው?»

ወጥቤቷ በሳቅ ፈረሰች። «ካሸተቱ አይቀር በልተው ነው የሚሄዱት ጋሼ!»

አባቷ ዘወር ሲሉ በሩ ላይ አዩዋት። ያልተጠበቀ እንግዳ ያዩ ይመስል ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ንጹሕ ነው፣ እናቴ። ብዪ።»

ጠረጴዛቸው ጋ ሲመለሱ የምግብ ዝርዝሩን ወደ ጎን ገፋችው። «እዚያኞቹ ቤቶች ጋ ዝም ስትል እኮ… በእኔ የተናደድክ መስሎኝ ነበር፣ አባዬ።»

«በአንቺ?» ሊቆጡ ዳዳቸው። «እኔ የላሟን ላም፣ የበሬውን በሬ ብዬ ነው ሠላሳ ዓመት የሸጥኩት። ልጄን እፊቴ ቅቤ ደብቀው ሊያበሏት! ዝም ያልኩት እኮ ቢላዬን ቤት ትቼው ስለመጣሁ ነው።»

እየሳቀች እንባዋ መጣ፤ በሽንኩርቱ አሳበበች።

ምስሩና እንጉዳዩ እየተነነ ቀረበ። አባቷ የመጀመሪያውን ጉርሻ ረጅም ጊዜ አላመጡ። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ፤ እሳቸው ግን ቀና ብለው ሳያዩት ዳቦ ቆርሰው ሳህኑን ማባበስ ይዘዋል።

«ጨው ያንሰዋል» አሉና ለሁለታቸውም ጨመሩበት።

ልጅቱ በላች። አራተኛውን ማንኪያ ከዋጠች በኋላ ነው፣ ምግቡን ገላልጣ ሳትፈትሽ መጀመሯ የገባት።