ወፍ ያልወረደበት ማሽላ

«የእማማ ዓይን ደክሞ ነው እንጂ ወፍስ የት ይሄዳል!» አለ ከፋለ፣ አልጣሽ ከራሱ በላይ የወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ ተቀምጣ እየሰማችው። አጠገቡ እንደሌለች፣ እንደተቀበረች ሰው አወራባት።

አልጣሽ ወንጭፏን ጭኗ ላይ አጋደመችና ቁልቁል አየችው። የእህቷ ልጅ ነው። ዛሬ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቢሆንም፣ አፍንጫውን ስትጠርግለት ያደገ ልጅ ነው።

«ዓይኔ ነው የደከመው? ስትወለድ እትብትህን የቆረጥሁት በማን ዓይን መሰለህ? ያን ጊዜ ብስት እኮ ዛሬ ሊቀመንበርም አትሆን ነበር!»

ከከፋለ ጎን የቆመው ሰው ሳቁን ዋጠ። ከወረዳ የመጣ ሰብል መዝጋቢ ነው፤ ካኪ ለብሷል፣ ወረቀቱን በጣውላ ላይ አጣብቆ ይዟል። ከብልባላ ወዲህ ያለውን ቆላ ሁሉ በሁለት ቀን መዝግብ ተብሏል፤ ዓይኑ ዛፍ ሥር ከታሰረችው በቅሎው አይነቀልም።

«እማማ፣ ወፍ ስንት ቀን ጠበቁ?» አላት።

«ከመስቀል ማግስት ጀምሮ እዚህ ተሰቅያለሁ። ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኔ። አንዲት ጠጠር አልወረወርሁም። የምወረውርባት የለችማ!»

ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥቅምት አይታ አታውቅም። ድሮ ገና ጎህ ሲቀድ ግሪሳው እንደ ደመና ይወርዳል፤ ዋኔው ከግራሩ ላይ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ስትጮህ ውላ ማታ ልጆቿን የምትጠራበት ድምፅ አይተርፋትም። ዘንድሮ ግን ድንቢጥ እንኳ፣ ከሰው ደጅ የማትጠፋዋ፣ ረግመው የማይገላገሏት ድንቢጥ እንኳ የለችም። ቀና ብላ ሰማዩን ስታይ ባዶ፣ ጎንበስ ብላ ማሳውን ስታይ ባዶ። ጆሮዋ ውስጥ የሚጮኸው ዝምታው ነው።

ሰው ግን ተደሰተ። ነሐሴ ላይ ካህናቱ በየማሳው ዙሪያ ጸበል ረጭተው ነበርና፣ ወፉ ሲቀር ጸሎታችን ደረሰ ተብሎ እልል ተባለ። ጠባቂው ሁሉ ማማውን ጥሎ ወረደ። ጎረቤቷ ሸጌ እንኳ ፈትሏን ይዛ ስታልፍ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ወፍ ናፈቀሽ እንዴ?» ብላ ስቃባት ሄደች። አልጣሽ ብቻ ቀረች።

መዝጋቢው ወረቀቱን በብዕሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። «ይሄማ የተባይ ዘመቻው ውጤት ነው። አንበጣ የለም። በረዶ የለም። ወፍ... የለም።» በእያንዳንዱ ላይ ምልክት አደረገ። «ምርቱ ጥሩ።»

አልጣሽ ይህን ስትሰማ ከማማው ወረደች። ከፋለ ሊደግፋት እጁን ቢዘረጋ ገፍታው፣ እንጨት በእንጨት እየረገጠች መሬት ደረሰች።

«ወፍ አልመጣም የሚል ቦታ የለውም ወረቀትህ?»

«ወፍ አልመጣም ማለት ጉዳት የለም ማለት ነው፣ እማማ።»

«ወፍ ሞኝ መሰለህ? ፍሬው ወተት ያልቋጠረ የማሽላ ራስ ላይ ምን ሊሠራ ይወርዳል? ዝናቡ እኮ ማሽላው ገና ሲያብብ ነው ጥሎን የሄደው!»

«አገዳውን አይዩትም እንዴ?» አለ መዝጋቢው ወደ ማሳው እየጠቆመ። «ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል።»

«አንተም ረዥም ነህ።»

ከፋለ መሬት መሬት አየ። ሰውዬው ጆሮው ደም መሰለ፤ ወረቀቱን ከጣውላው ነቅሎ ለከፋለ ሰጠውና፣ «ማኅተምህን ምታበትና ድረስብኝ» ብሎ ወደ በቅሎው ወረደ።

ያ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ አልጣሽ ታውቃለች። ፊደል ባትቆጥርም ይህን ለማወቅ ፊደል አያስፈልጋትም። ጥሩ ካለ ገበሬዎቹ ለመንግሥት የኮታ እህል አምጡ ይባላሉ፤ የእርዳታ እህል የሚጭን መኪና ግን ወደዚህ አይዞርም። ቤቷ ያለው ዘር ብቻ ነው። በሱ ላይ የሟች ልጇ ሦስት ሕፃናት አፍ አለ።

«ከፋለ፣ አንተም ገበሬ ነህ። እኔ ያየሁትን አላየህም?»

ከፋለ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። በኪሱ ያለውን ማኅተም እንደ ትኩስ ድንጋይ ያገላብጠዋል። ዞር ብሎ ሰውዬው መራቁን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አክስቴ፣ ይተዉኝ። የማዶው ሊቀመንበር ሰብል የለም ብሎ ተናገረ። አሻጥረኛ ነህ ብለው ወሰዱት። ይኸው ሁለት ሳምንቱ፤ ሚስቱ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፣ ስንቁን እንደያዘች ትመለሳለች።»

አልጣሽ አፏን ከፈተች። ለማንም መልስ አጥታ አታውቅም፤ ለቄሱም፣ ለጭቃ ሹሙም፣ ለሞተው ባሏም። አሁን ግን የከፋለን ፊት አተኩራ አየች። የልጁ ከንፈር ደርቋል። ገና ሠላሳውን ሳይደፍን ሽማግሌ መስሏል።

«ጓድ ከፋለ!» አለ ሰውዬው ከታች። «ፀሐይ ገፋች እኮ!»

አልጣሽ ወደ ማሳው አንድ እርምጃ ገባች። ትልቁን፣ የሚያምረውን የማሽላ ራስ ቀነጠሰችና በሁለት መዳፏ መካከል አድርጋ አሸችው፤ እሸት ለሕፃን እንደሚያሹት፣ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ። ከዚያ የከፋለን ቀኝ እጅ ያዘች፣ ጣቶቹን ፈልቅቃ ከፈተችና ያሸችውን ሁሉ መዳፉ ላይ ገለበጠችው። እጁ ሞላ።

ከፋለ አየው። ትንፋሹን ያዘ። ገለባው እንዳይነቃነቅ ክንዱን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

«ጓድ ከፋለ!»

«ማኅተሙን ኋላ ትመታለህ» አለችው አልጣሽ፣ እጁን ሳትለቅ። «መጀመሪያ እፍ በልበት።»