ባሕሩን ላሳየው

«ጋሼ ተሽሏቸዋል አሉ» አለች እንግዳወርቅ። ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ባሕሩ ድረስ ይህንኑ ስትደጋግም ነበር። ናዝራዊት ከባሕሩ ዳርቻ በላይ ካለው የገደል አፋፍ ቆማ ለአክስቷ ልጅ እጇን ዘረጋች። «እንግዲያው ጠዋት የወሰድሽብኝን ስልኬን መልሺልኝ፤ ለአባዬ ባሕሩን በቪዲዮ ላሳየው።»

«ኔትወርክ የለም፣ እህቴ።»

«ሐኪሟም አንቺ፣ ኔትወርኩም አንቺ!» ብላ የያዘችውን ቦርሳ ነጠቀቻት። ከስልኩ ሥር ጥቁር ነጠላ ታጥፎ ተቀምጧል። ነፋሱ ጫፉን ሲያነሳው በመዳፏ ተጫነችው፤ እጇን ማንሳት አቃታት። ከታች አሸዋው ላይ ሰዎች ይሳሳቃሉ።

«መቼ?»

«እዚህ ስንደርስ ተደወለልኝ። መርዶውን ቤት ሰው ተሰብስቦ ሊነግርሽ ነበር።» እንግዳወርቅ አለቀሰች። «እንዳትደነግጪ ብለን ደበቅንሽ እንጂ፣ ጠዋት ነጠላውን ይዤ ስንነሳ እኮ በሕይወት ነበሩ። ድምጿን አሰሙኝ ይሉ ነበር።»