በራችን ላይ ያለው ሰሌዳ

«እማ፣ ሰሌዳው ምን ይላል?»

ልጄ ኦፓል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትጠብቅ ነበር የጠየቀችኝ። ያኔ ማንበብ ስለማላውቅ መመለስ አልቻልኩም። ኬንታኪ ገጠር፣ በራችን ፊት መንገድ ዳር የቆመው የብረት ሰሌዳ እዚህ ስለተወለደው የድሮ ሴናተር መሆኑን ብቻ ሰምቻለሁ። አድጋ እንዳትርቀኝ ፈርቼ ከራሴ ፈጠርኩ።

«ሴናተሩ ጥሏት ሲሄድ፣ እናቱ የበቆሎ ዳቦውን እንደያዘች በረንዳ ላይ ሞተች ይላል።»

ማንበብ ስትለምድ ውሸቴን ታውቃለች ብዬ ተሳቀቅሁ። ሰሌዳውን አንብባ እንደ ወትሮዋ አውቶቡሷ ላይ ወጣች። ከተማ የነርስ ትምህርት ስታገኝም «አንቺን ትቼ?» ብላ ቀረች።

ዘንድሮ በስልሳ ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። ትናንት አሮጊቷ አስተማሪዬ ሚስ ቨርና መኪናቸውን ሰሌዳው አጠገብ አቁመው «በይ፣ አንብቢልኝ!» አሉኝ። ጣቴን በብረቱ ፊደላት ላይ እየጎተትኩ አነበብኩ፤ ከራሴ የፈጠርኩት ቃል በቃል እዚያ ተጽፎ ነበር።

«እናቱ የበቆሎ ዳቦውን እንደያዘች በረንዳ ላይ ሞተች።»

«ጎሽ!» አሉ ሚስ ቨርና። «ይሄ ዳቦ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስቀኛል። ለዳቦ ደግሞ ብረት ይቀልጣል?»

ኦፓል ትኩስ የበቆሎ ዳቦ ይዛ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር፣ ለምሳ ስትጠራን።

ሴናተሩ ሄዷል። ልጄ ቀርታለች።